በሦስተኛው ዙር ያልተገኙ

አራት ኪሎ፣ ከሐውልቱ ዝቅ ብሎ፣ ከፎቶ ኮፒው ቤት ጓሮ፣
ሦስት ጥናት ተደርድሮ፣
አንዱ ባንዱ ላይ ተጭኖ፣ በማተሚያው ብረት ታስሮ፣
ሙጫው እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ ነገ ጠዋት ነው ቀጠሮ።

አንደኛው ስለ ሥራ ገበያ፣
የትርሲት ነው።
ሁለተኛው የኢዶሳ፣ ስለ ቅንጣት፣ ስለ ሞገድ፣
ገጹ ሁሉ የቀመር ዳገት፣ የማያስኬድ መንገድ።
ሦስተኛው የነጂባ፣ ስለ አንጎል፣ ስለ ትዕግሥቱ፣
ለሚጠብቅ ሰው ስንት እንደሚረዝም ደቂቃው፣ ሰዓቱ።
ጥቁር ልባስ፣ ወርቅ ፊደል፣ ሦስቱም እኩል ያምራሉ፤
እኔ ግን ሳላነብ አልጠርዝም፤ ገጾቹ ያወራሉ።

በትርሲት ገጽ ሰማንያ ሰባት፣ ከሠንጠረዡ ታች፣ በደቂቅ ፊደል፣
«መለያ ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት» ይላል።
ያ ቁጥር የኔ ነው።

እዚሁ አደባባዩ ጋ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር፣
«ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የሚል ፍለጋ አንገቴን ሳረዝም፣ ሳሳጥር፣
ትርሲት መጣች፤ ደረቷ ላይ መታወቂያ፣ እጇ ላይ ታብሌት ይዛ፣
«አምስት ደቂቃ ብቻ» አለች፤ አርባ ሆነ እንደዋዛ።

«ባለፉት ሰባት ቀናት፣ ቢያንስ ለአንዲት ሰዓት፣
ለክፍያ ሠርተሻል?»
አንዲት ሰዓት ሰውን ከሥራ ፈትነት ታወጣለች፤
መመሪያው እንዲያ ይላል።

አሰብኩ።
ማክሰኞ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ምድር ቤት፣ የነጂባ ክፍል ገብቼ፣
እኅቴ ለቃለ መጠይቅ የሠራችልኝን ሹሩባ ፈትቼ፣
ባለ ሽቦ ቆብ ደፍቼ፣
ቅባቱ በጆሮ ግንዴ ቁልቁል እየወረደ፣
ቀይ ነጥብ በስክሪኑ ላይ እየመጣ እየሄደ፣
«ስታዪው ተጫኚ» ተባልኩ። አየሁ። ተጫንኩ።
«ስንት ደቂቃ መሰለሽ?» ስትለኝ፣ «ሦስት ዓመት» አልኳት፤
ሳቀች፤ ከዚያ ቅጹን አየች፤ የተመረቅሁበት ቀን ጸጥ አሰኛት።
ስወጣ ለታክሲ ብላ ሁለት መቶ ብር በፖስታ ሰጠችኝ፤
በእግሬ ወጣሁ በቸርችል ጎዳና፤ ብሯ ተረፈችኝ።

ይህ ሥራ ነው ወይ?
ትርሲት ታብሌቷን አየች፣ ሰማይ አየች፣ እኔን አየች፣
በ«አዎ»ና በ«አይ» መካከል ጣቷን አንጠልጥላ ቀረች።

ኢዶሳን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ የሳይንስ ፋኩልቲን አጥር ተደግፎ፣
ቆሎ እየቆረጠመ ሲሰማን ቆይቶ፣ ገባ ጨዋታችንን ጠልፎ፦
«ቅንጣት ሳትለካ ሁለቱንም ናት፤ እዚህም ናት፣ እዚያም፤
ስታዪያት ነው የሚቆረጠው። ይቺም ሳትጠየቅ፣ ሠራተኛም ናት ሥራ ፈትም።»
ትርሲት ግን ሦስተኛ ሳጥን የላትም።
ተጫነች፦ «ሠርታለች»።
ከቀጣሪ ሁሉ ቀድማ፣ በጣቷ ጫፍ እሷ ቀጠረችኝ።
«ቅንጣትህ የቤት ኪራይ ትከፍላለች?» አልኩት ኢዶሳን፤
ቆሎውን ዘገነልኝ።

ሁለተኛው ዙር በስልክ ነበር፤ አነሣሁ፤ «አልሠራሁም» አልኩ።
ሦስተኛው ሳይደርስ ግን ስልኩን ለመስከረም ኪራይ ሸጥኩ።
ስለዚህ ገጽ ሰማንያ ሰባት፣ ስለ እኔና ስለ ሌሎች ሠላሳ፣ እንዲህ ይላል፦
«በሦስተኛው ዙር ያልተገኙ፤
ውጤቱን አይለውጡም ተብሎ ይገመታል።»

ያልተገኘሁት እኔ፣
ጠርዙን ሙጫ የምቀባ፣ ወረቀቱን በወስፌ የምወጋ፣
በጥራዝ ሠላሳ ብር ታስቦልኝ የምተጋ እስኪነጋ።
ልነግራት ነበር። ማምሻውን መጥታ የወርቁን ፊደል ስታይ፣
«ስሜ በትክክል ተጽፏል?» ብላ በጣቷ ስትዳስሰው ከላይ፣
አላወቀችኝም። ነጂባም አላወቀችኝ፤ ሹሩባዬ ተሠርቷል፤
ሰው ፊት የሚለየው በአንጎሉ በየት በኩል እንደሆነ ግን
በእሷው ገጽ አርባ ተጽፏል።

ኢዶሳ ብቻ፣ መልሱን ሲቀበል፣ ቀና አለና ዓይኔን አየ፤
«ኪራዩ ተከፈለ?» አለ።
ሳንቲም የያዘው እጄ አየር ላይ ቆየ።

አሁን ሌሊት ነው። ገጽ ሰማንያ ሰባት ላይ፣ ከግርጌው፣ ከነጩ ኅዳግ፣
የአውራ ጣቴ አሻራ አለ። ሙጫ ነው። አልጠረግሁትም።
ነገ ፈታኞቹ ሲገልጡ፣
ከሰማንያ ስድስት ወደ ሰማንያ ስምንት ያልፋሉ፤
በጥፍራቸው ካልፈለጉት
ያ ገጽም አይገኝም።