ወደ ኋላ

ደቻቱ በሌሊት የወረደ ጊዜ ነው
ይህን የብረት አፍ አሸዋ ያጎረሰው።
ከዚያ ወዲያ ዝም።
ፓፓያው ደረቀ፣ ሎሚው አላፈራም፣
ዶሮ ከጥላው ሥር እንቁላል ጣለበት፣
«በኪሎ ሽጪልኝ» አለ ብረት ለቃሚው፣ «ዝገት ነው፣ ምን አለበት?»
አልሸጥኩም።
ለምን እንዳልሸጥኩ ግን እኔም አላውቅም።

ሮብሌ ዋይስን ከገንደ ቆሬ አስመጣሁ፣
ሠላሳ ዓመት በምድር ባቡር ጋራዥ ብረት የገራ፣
አሁን ዐይኑ ደክሞ በጣቱ የሚያይ፣
ሲናደድ በፈረንሳይኛ፣ ሲስቅ በሶማሊኛ፣
የሂሳብ ነገር ሲሆን በአማርኛ የሚያወራ።
ትልቁን ጎማ ዳበሰ፣ ጎኑን መታ መታ አደረገ፣
እንደ ከብት አዋቂ ጆሮውን አስጠጋ፤
«አልሞተም» አለኝ፣ «አኩርፎ ነው እንጂ።
ነጭ ጋዝ አምጪ፣ ጨርቅ አምጪ፣ ጉልበት ያለው ልጅ።»

ስድስት ጠዋት ፈጀን። ከረፋዱ ወዲያ
የድሬ ብረት ሰው አያስጠጋም፣ ያቃጥላል፤
ሮብሌም እንደ ከተማው ከሰዓት ይጠፋል።
ዳዶው እምቢ አለ፤ ናፍጣ አጠጥተን አሳደርነው፣
በማግስቱ ሲጥ ሲል በሁለት ቁልፍ ፈታነው።
ፋሻው ከፒስቶኑ እንደ ጥርስ ከድድ ተጣብቋል፣
ሲሊንደሩ ውስጥ ያ ሌሊት ተጋድሟል።
በሾርባ ማንኪያ ጫርነው፤ አሸዋ፣ ደለል፣ የሣር ሥር፣
አንድ የወተት ጣሳ ሞላ እስከ አፉ ዳር።
ልደፋው ብድግ ስል ሮብሌ እጄን ያዘ።
«ተይው።»
ሚስቱ ፋዱሞ በዚያ ጎርፍ መሄዷን
የነገረኝ ሌላ ሰው ነው፤ እሱ አንስቷት አያውቅም።
ጣሳውን ከጥግ አኖርኩት። ቁልፍ አነሳን።

ሰባተኛው ቀን፣ ፀሐይ ከተራራው ሳትወጣ፣
የእህቴ ልጅ ሪያድ ማኑቬላውን ያዘ።
«አውራ ጣትህን አትጠቅልል፤ ሲመልስ ክንድ ይሰብራል።»
አንድ ዙር። ሁለት። ጎማው እንደ ግመል
እያጉረመረመ፣ ሳይወድ ተነሳ።
ዱም።
ዝም።
ዱም። ዱም፣ ዱም፣ ዱም።
ማኑቬላው መልሶ ረገጠ፣ ሪያድ ከመሬት ቁጭ፣
ሞተሩ ነፍስ ዘራ፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣
በሚተነፍስበት አፍንጫ ጭሱን እያወጣ፣
በጭስ ማውጫው አየር እየማገ፣
ወደ ኋላ!
ቺንጋው ወደ ኋላ፣ ፖምፓው ወደ ኋላ፣
ከጉድጓዱ አንጀት ጉርጉርታ ብቻ።

«ሮብሌ! ናፍጣውን ልዝጋ?»
እጁን አነሳ። «ትንሽ ተይው።»
ቆምን። ጎማው ይዞራል፣
ከዛሬ ወደ ትናንት፣ ከትናንት ወደ አምና፣
ከአምና ወደ ካቻምና፣ ከዚያም ወዲያ ገና፤
የሮብሌ ከንፈር ይቆጥራል፣
ዙር ይሁን ዓመት አልገባኝም።
የሆነ ቦታ ሲደርስ፣ የት እንደሆነ እሱ ያውቃል፣
ራሱ እጁን ሰደደና ናፍጣውን ዘጋ።

ጎማው አንድ ሁለቴ ዞሮ፣ ተንፍሶ ቆመ።
«በዚህ መንገድ» አለ፣ «ውሃ አይገኝም።»
ፊቱን በዘይት ጨርቅ ጠረገ፤
ጥቁር መስመር ከጉንጩ ላይ ቀረ።
«በል አቦ፣ ሪያድ፣ ተነስ። አሁን በደንቡ።»

በደንቡ ተነሳ።
ቧንቧው መጀመሪያ ዝገት ተፋ፣ ቀጥሎ ጭቃ፣
ቀጥሎ የሞተች እንሽላሊት፣ ቀጥሎ ሳል፣
ከዚያ ውሃ።
ሪያድ ከነሸሚዙ ቦዩ ውስጥ ገባ፤
የጎረቤት ፍየሎች ሳይጠሩ መጡ።

ዋጋውን ጠየቅኩት። በአማርኛ አሰበ፣
ግማሹን ተቀበለ።
ለቀሪው ያቺን ጣሳ ጠየቀ።
ባጃጁ እስኪታጠፍ ድረስ አየሁት፤
ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አፏን በመዳፉ ከድኖ፣
በየጉድጓዱ ሾፌሩን በፈረንሳይኛ እየሰደበ፣
እንዳይደፋበት።