ከአምስቱ ሦስት ኮከብ

ጋዜጣው ቤት የገባው ዓሣ ተጠቅልሎበት፣
ማክሰኞ ከገበያ፣ ጠርዙን ውኃ በልቶት፤
ቅርፊቱን ልጥል ስል ስሟን አየሁበት።
ኦቲሊያ ይላል፣ በደማቁ ቀለም፤
ከሥሩ ሦስት ኮከብ። አምስት አይሞላም።
መነጽር ፈለግሁ፣ እጄን ጠረግሁና፣
ቆሜ አነበብሁት ድስቱን ረሳሁና።

የሊዝበን ሐያሲ ነው። «ብርሃኑ» ይላል፣
«የወደቡ ጭጋግ ልብ ይሰርቃል፤
ነገር ግን…» ሐያሲ «ነገር ግን» ሲል
እንደ ጥርስ ሐኪም ነው፣ «ጥቂት ያማል» እንደሚል።
«ሁለተኛዋ ልጅ ፊልሙ ሲጋመስ
ዝም ትላለች ድንገት፣ እስከ ፍጻሜው ድረስ።
ለምን እንደሆነ ዳይሬክተሯ አልነገረችን፤
ቀዳዳውን በባሕር ሸፈነችብን።»

ሁለተኛዋ ልጅ እኔ ነኝ።
ዴኦሊንዳ ስሜ፣ ስልሳ ስምንት ዕድሜዬ፣
ማቶዚንዮሽ ወደብ፣ እዚሁ ነው ቀዬዬ።

የፖርቶው ጋዜጣ አምስቱንም ሰጥቷል፤
«የልጅቷ ዝምታ አገሪቱ ናት» ብሏል።
እኔ አገር ሆኜ አላውቅም።
ልብሱን ያደነቀች አንዲትም አለች፣
ሰማያዊ ጉርዴን ሦስት ጊዜ ጠቅሳለች።
ጉርዴ ቡኒ ነበር። ከእናቴ ካፖርት ነው
ተቀዶ የተሰፋው፤ ኪሱ ከኋላ የቀረው።

ሐሙስ ሄጄ አየሁት። ዘጠኝ ሰው ነበረ፣
አንዱ ከመጀመሪያው እንቅልፍ የጀመረ።
የፋብሪካው ሳይረን ጮኸ፣ ጀልባ ሲገባ የሚጮኸው፤
ወንበሬ ላይ ሆኜ እግሬን አስነሣው።
ከዚያ ሁለት ልጆች፣ መቀስ በእጃቸው፣
የሰርዲን ራስ ሲቆርጡ ሳቅ ሲያፍናቸው፣
ጨው በቁስላቸው፣ ቅርፊት በቅንድባቸው።
ኦቲሊያ ያላየችውን ፊልም ስትተርክልኝ፣
ከፖስተሩ ብቻ፣ መጨረሻውን ፈጥራ ስታስለቅሰኝ።
ይህን አልረሳችም። ይኼ ልክ ነው።

ከዚያ የባሕሩ ግንብ። አራት ደቂቃ ሙሉ
ልጅቷ ውኃውን ታያለች፤ ሰዎቹ ያዛጋሉ።
የተኛው ነቅቶ ወጣ።

አማዴዎ ወንድሜ፣ ዕድሜው ዐሥራ ዘጠኝ፣
በሰኔ፣ በሌሊት፣ ቀስ ብሎ ቀሰቀሰኝ።
ለአንጎላ ጦርነት ወረቀት መጥቶበታል፤
በስፔን ተራራ በእግሩ ሊያልፍ ነው፤ ሰው ቀጥሯል።
ፎቶውን ለሁለት ቀደደ፣ ግማሹን ሰጠኝ፤
«ፈረንሳይ ስገባ ሌላውን እልካለሁ፤ እስከዚያ ጠብቂኝ፤
ለነፍስ አባትሽም ቢሆን እንዳትተነፍሺ።»

የኦቲሊያ አባት የወደብ ፖሊስ ጸሐፊ፣
ደግ ሰው ነበረ፣ ሰላም ሳይለኝ የማያልፍ፣ ብስኩት አካፋይ፤
ደግ ነው፤ ግን አንድ ቃል እራት ላይ ከወደቀ፣
አማዴዎ ድንበር ላይ ተያዘ፣ አለቀ።
ቃሉን ከምላሴ ሥር እንደ አጥንት ያዝሁት።

እሷማ ጠየቀች፤ መጀመሪያ ስቃ፣
ቀጥላ ተቆጥታ፣ ከዚያ ተሳቅቃ፤
አንድ ጧት መቀሷን ይዛ ተነሣች፣
ከሌሎች ሴቶች ጋር ጠረጴዛ ቀየረች።
መስከረም ሲጠባ ሊዝበን ተማሪ ቤት ገባች።
ግማሹ ፎቶ የደረሰው በጥቅምት ነው፤
አንድ ጆሮ፣ አንድ ትከሻ፣ የፈረንሳይ ቴምብር የለጠፈው።
የምነግራት ሰው ሄዳ ነበር።

እንግዲህ ያ ሰውዬ፣ ሦስት ኮከብ የሰጠው፣
ሳያውቅ ነው እንጂ ልኩን ነው ያገኘው።
ቀዳዳ አለ፣ አዎ፣ በባሕር የተሸፈነ፤
ግን የእሷ ስንፍና አይደለም፣ አልሆነ፤
ምክንያቱን አታውቅም።
ምሳሌም አይደለም። አራት ደቂቃ ካሜራ አቁማ
ትጠብቀኝ ኖሯል መልሴን ልትሰማ፤
እኔ ደግሞ እዚህ ዓሣ ስጠርግ።

ዛሬ ማታ እርሳስ ቀረጽሁ፤ ጋዜጣው ዳር ላይ
ትንሽ ባዶ ቦታ አለች፣ ከኮከቦቹ በላይ።
ስለ አማዴዎ ልጀምር ብል እጄ እምቢ አለኝ።
በመጨረሻ እንዲህ ወጣልኝ፦
«ኦቲሊያ፣ ጉርዴ ቡኒ ነበር፤
ከእሱ እንጀምር።»