የተሰፋ ጩኸት

በእኛ ሰዓት ሰባት ተኩል፣ ሙሐረቅ፣ ከትምህርት ቤት በር፣
ኤሲው እያጓራ ልጆቹን ስጠብቅ ነበር
የማዳምን ሲዲ ከመሳቢያው ያወጣሁት።
ሽፋኑን አየሁት፦
ኮት የለበሱ ሰዎች፣ ሰማንያ ይሆናሉ፣
ከኋላቸው መብረቅ፣ ከፊታቸው ኖታ፤ ፈገግ እንኳ አይሉ።
የሮክ ዘፈን ነው አሉ፣ በኦርኬስትራ የታሸ፤
ደግ፣ እስቲ ይምጣ ብዬ ከፈትኩት። ድምፁን ብጨምርም
የበሩ ፕላስቲክ እንኳ አልተንኮሻኮሸ።

አንደኛው ሲጀምር ወዲያው ነው ያወቅሁት፤
ሰው የሰፈሩን ዱርዬ ሠርግ ቤት፣ ሱፍ ለብሶ ሲያገኘው እንደሚለው፣
“አንተ ነህ?” አልኩት።

ይህን ዘፈን የማውቀው ከዚራ ነው፣ መጂዶ ጋራዥ ውስጥ፣ በልጅነት።
ጊታሩ ጥርት ያለ፣ ትሑት፣ እንደ ደረሳ አንገቱን የደፋ ቢሆንበት
መጂዶ በምላጭ የስፒከሩን ወረቀት ሸረከተው፣
ሦስቴ፣ በሰያፍ፤
“አሁን ይጮኻል” አለ፣ ምላጩን በሱሪው እየወለወለው።
ጮኸም። የጎረቤት ፍየል ገመዷን በጥሳ ነጎደች፤
ያቺ ዘፈን ለእኛ በዚያ ቅድ በኩል ተወለደች።

እነዚህ ምን አደረጉ? ቅዱን ሰፉት።
በሐር ክር፣ በቀጭን መርፌ፣ ጠቀም ጠቀም አድርገው ደፈኑት።
ስፌቱ ያምራል፣ አልዋሽም፤ ሰማንያ እጅ ሲስማማ
ደስ ይላል ሲሰማ።
ግን ያ ሁሉ ጩኸት፣ ታጥቦና ተተኩሶ፣
ማንም እጁን የማይጠርግበት የእንግዳ ፎጣ ሆነ፣
መደርደሪያ ላይ ተኮፍሶ።

ሦስተኛውን ዘለልኩት፤ ከበሮው ፈራ ተባ ይላል።
አራተኛው ላይ አንዱ ቼሎ መቺ ቀስቱ ያመልጠውና
ክሩን ይፍቃል።
ወይ ችላ ብለውታል፣ ወይ አልሰሙትም፤
እኔ አምስቴ መለስኩት፤ ከአልበሙ ሁሉ እሱን የሚያህል አላገኘሁም።

ደግሞ ዘፋኝ የለውም። ቃሉን አውጥተው ጥለውታል፤
ቦታው ግን እንደ ባዶ ወንበር መሐል ላይ ይታያል።
ያኔም እንግሊዝኛው አይገባንም፤ መጂዶ “ሸሚዜን አቃጠልሽው” ይላል፣
ሳቢት “የለም፣ ሽምብራዬን አበሰልሽው ነው” ብሎ ይምላል፤
በዚህ ተኳርፈው ሳምንት ሙሉ ልምምድ ቀረ።
አሁን ቫዮሊኑ እዚያ ቦታ ሲደርስ፣ ማንም ስላልተቀመጠበት፣
አፌ ራሱ ጀመረ፦
ሸሚዜን። ሽምብራዬን።
ሁለቱም ልክ ሆነው ገቡ፤ ከምቱ አንዱም አልወጣ።
ያኔ አንድ አውሮፕላን፣ ሆዱ እስኪታይ ዝቅ ብሎ፣ ከባሕሩ በኩል መጣ፤
የበሩ ፕላስቲክ ተንቀጠቀጠ፣ ሳንቲሞቹ ዘለሉ፣
ስፌቱ ተተረተረ፤ ሰማንያዎቹ ኮታቸውን ያወለቁ መሰሉ።
አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ አረፈ። ቫዮሊኑ ተመለሰ፣
ኮቱን ለበሰ።

ልጆቹ በሩን ከፈቱ፤ ወበቁም አብሯቸው ገባ።
ኑራ፣ ታናሺቱ፣ ቀበቶዋን እያሰረች፣
“የማማ ሙዚቃ ዘይን?” ብላ ጠየቀች።
“ዘይን” አልኳት።
የእኔ አረብኛ ከዚያ አያልፍም።

የቀረው ይኸው ነው፦ ከአምስት ኮከብ
ሁለት ለስፌቱ፣ አንድ ለቼሎው ስህተት።
አራተኛውን ለአውሮፕላኑ ሰጥቻለሁ፤ እሱ ግን ሲዲው ውስጥ የለም።
አምስተኛውን ይዤዋለሁ፤ ለማን እንደሆነ ለኑራ አልነግራትም።
መጂዶ ድሬ ላይ ፀጉር ቤት ከፍቷል አሉ፤
በምላጩ ከጢም በቀር ሌላ አይቆርጥበትም።