ኖራ

ፊደል አልለየችም፣ ቴሳ የለሳኝ ልጅ፤
ቀለም ግን ቆጥራለች ከዚያ ገዳም ደጅ፦
የቬሮናን አረንጓዴ፣ የሲየናን ቢጫ አፈር፤
ሰማያዊው ውድ ነውና፣ እሱ እንኳ ይቅር፣
በቁልፍ ነው የሚያድር።

ሌሊት ትነሣለች፣ አሸዋ ትነፋለች፣
ጕድጓድ የከረመ ኖራ ትዝቃለች፤
ሠዓሊው እስኪመሽ የሚደርስበትን ያህል፣
አንድ ፊት፣ አንድ እጅ፣ ወይ የሰማይ ክፍል፣
ትለስናለች።
ከዚያ በላይ የለም፤ ኖራ ቀጠሮ አያውቅ፣
ቀለም አይጠጣም አንዴ ካለ ድርቅ።

"ቶሎ በል!" ስትለው ማስትሮ ላፖ ይስቃል፤
"ጆሮው ብቻ ቀረኝ" ሲል፣ ፀሐይ ትጠልቃለች።
መልአኩ ዛሬም
አንድ ጆሮ ይጎድለዋል።

ስድስት መቶ ዓመት።
ኦርኔላ፣ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ መወጣጫው ላይ ወጥታ፣
የቀናቱን ስፌት ታነባለች መብራቷን ከጎን አብርታ፦
ይኸ ፊት የሰኞ፣
ይኸ ክንፍ የማክሰኞ፣
እዚህ ጋ ዘንቦ ይሆናል፣ ወይ ሠዓሊው ታሞ።

የድንግል መጎናጸፊያ፣ ያ ባለ ቁልፉ ቀለም፣
በደረቅ ተቀብቶ ነበርና አሁን የለም፤
ረግፏል እንደ ቅርፊት።
የቀረው ርካሹ አፈር ነው፣ ኖራ የዋጠው በርጥበት፤
ከስፌቱም ጫፍ የአውራ ጣት አሻራ።
ትንሽ ነው። ኦርኔላ ሳትነካ
የራሷን ጣት አስጠጋች፣ ልትለካ።

መዝገቡ ላፖን ይጠራል፣
ለኖራም የተከፈለውን ሂሳብ ያሰፍራል፤
የለሳኟን ስም ግን ማን ጽፎ፣ ማን ጠርቶ።
እሷ ግን ጣቷን አኑራ፣
ግድግዳው ላይ አለች፣
ይኸው፣ ኖራ
ኖራ።