ጠበቀ ወይ?

ከራግቢ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ አፈር በሚሆንበት፣
ስንዴው ገና ሣር መስሎ በሚዘናፈልበት፣
የዳኮታ ነፋስ ባለርስት፣ ሰው ጭሰኛው በሆነበት፣
ሽማግሌው ሃልቮር ሞተሩን ሸጠልኝ፤
ቆጥሬ ሰጠሁት፣ ሳይቆጥር ተቀበለኝ።

ሚስቱ ማርቪስ ከኩሽናው መስኮት
መጋረጃውን ገልጣ፣ በሳሙና እጇ፣
«ይሂድ፣ ይሂድ» አለች፤
ሞተሩን ይሁን ባሏን፣ ማንን እንዳለች
እንጃ።

«በምን ልትወስጂው ነው?» የመኪናዬን ጀርባ አሳየሁት፤
ከጋንቹ አፍ የተሰካች ተሸካሚ ብረት፣
ርዝመቷ አራት ክንድ፣ ስፋቷ አንድ ስንዝር፣
ትናንት የገዛኋት፣ የዋጋዋ ወረቀት ያልተላጠ ከግንባሯ ሥር።

በጫማው ጫፍ ነካት። ቀጭ አለች። ጣቱን ከክፍተቱ ሰዶ፣
«እዚህ ጣት የሆነ መንገድ ላይ ክንድ ነው» አለና ሄዶ
ከጋራዡ ቡሎን አመጣ፣ ከነዳዶው፣
ብረቱ እስኪያቃስት አጠበቀው።
«ጠበቀ ወይ?»
ነቀነቅኳት። ዝም አለች።
«ጠበቀ» አልኩ።

«ሞተሩ መቶ ሠላሳ ኪሎ ነው። ጋንቹስ ስንት ይችላል?»
«እንጃ። ይችል ይሆናል።»
ይሆናል የሚሉት ቃል አይወድም። ሰባ ስምንት ዓመቱን
በጀርባው አንጥፎ ከመኪናዬ ሥር ገባ፤ የታተመውን ቁጥር
ጭቃውን በአውራ ጣቱ ጠርጎ፣
በባትሪ ፈልጎ፣
ተሸካሚዋንም ሞተሩንም ደምሮ፣
«ይችላል» የሚል ድምፅ ከሥር ወጣ፣ ከነሳሉ።

ቤንዚኑን ዘጋ። በሳንቃ ላይ ገፍተን አወጣነው፣
እሱ ከመሪው፣ እኔ ከኮርቻው፤
ክንዱ ሲንቀጠቀጥ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።
ጎንበስ ብሎ ደግሞ፣ «ማርሚታሽ ጎማውን ይጠብሰዋል» አለ፤
ከቀለም ቆርቆሮ ቆርጦ በሽቦ ጋረደው። ቀትሩ አለፈ።

አራት ቺንጋ። ሁለቱ ከመሪው፣ ሁለቱ ከወገቡ።
«ሞላው ግማሽ ድረስ ይጎንበስ እንጂ አፈር አይቅመስ፤
ትንፋሽ ተዪለት፣ ጉድጓድ ሲያገኝ የሚተነፍስ።
ቺንጋውን ደግሞ አንዴ ጠምዝዢው፣ እንደ ገመድ፤
ዝርግ የሆነ እንደሁ ሲያላዝን ይውላል በመንገድ።»
«ጠበቀ ወይ?» «ጠበቀ።»
«ጠበቀ ወይ?» «ጠበቀ አልኩ እኮ!»

«ታውነር ስትደርሺ ቁሚ። በዓይን አይታይም፣ በእጅ ነው።
አዲስ ቺንጋ መጀመሪያ ይዋሻል፤
ሃያ ማይል ነው እውነቱን የሚያወጣው።»

ተነሣሁ። ከኋላዋ ሲከብዳት መኪናዬ ከፊቷ ቀለለች፣
መሪዋ እጄ ላይ ላባ ሆነ፤ ቀስ አልኩ፣ ቀስ አለች።
በመስታወቱ ውስጥ፣ በጎማው ራጂዎች መካከል፣
ሃልቮር ቆሟል። እጁን አያወዛውዝም፤
ቀኝ መዳፉ ብቻ፣ ቺንጋ እንደያዘ ሰው፣
ይጨበጣል፣ ይዘረጋል።

ታውነር ላይ ቆምኩ። አንዷ ቺንጋ ጣት ታህል ላልታለች።
ፈትቼ አሰርኳት፤ ጥምዘዛውን ግን ረሳሁ፤
ፍጥነት ሳልጨምር ማላዘን ጀመረች።

ዝቅ ያለ፣ ረጅም፣ ቃል የማይወጣው ዜማ።
ሬዲዮውን አጠፋሁ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ሰማሁ።
ማሰሪያ በነፋስ ሲመታ ጠርዙ እንደሚበላ
ነግሮኛል፤ አውቃለሁ፤
ግን ሞተሩ ሲሸጥ፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ፣
አንድም ያለቀሰ አልነበረም።
አሥር ማይል ያህል ተውኳት።
ከዚያ ከመንገድ ወጣሁ፣ ወርጄ ጠመዘዝኳት።
ነፋሱ አልቀረም፤ ድምፁ ቀረ።

ማይኖት ገብቼ ደወልኩ። ማርቪስ አነሣች።
«ደርሻለሁ። ሃልቮር አለ?» «የት አለና» አለች፣
«እራቱ ቀዝቅዞ፣ እሱ ከአጥሩ ዳር፣
መንገዱን ይመስል እዚያው የተተከለ።»

«ጠበቀ ይበሉልኝ» አልኳት።
«እሱም ጠበቀ» አለች።
ስልኩ ተዘጋ።