አርባ ሦስተኛዋ

ሃያ ስምንት ዓመት ብርድ ልብስ ሠራሁኝ፤
ጡረታ ስወጣ አበባ ለመድሁኝ።
የኅዳር ውርጭ ሣሩን ጨው በሚያለብስበት፣
ደብረ ብርሃን ላይ፣ ጠባሴ ካለኝ ቤት፣
ሙቀት የለመደች፣ ጥላ የምትወድ
የአፍሪካ ቫዮሌት አሳድጋለሁ በግድ።

አርባ ሁለት ዓይነት፣ በአርባ ሁለት ጣሳ፤
የአገሯን ስም ባላውቅ፣ አንዷንም ሳልረሳ
በሰጠኝ ሰው ስም ነው የምጠራቸው፣
በአሮጌ የሒሳብ ደብተር የምጽፋቸው።
«የነርሷ የየትምወርቅ»፦ ጠርዟ ሽብሽብ ያለ፣
መሀሏ ላይ ቢጫ ነጥብ የተተከለ።
«የሾፌሩ የጎበና»፦ በሳሙና ዕቃ፣
በእርጥብ ጥጥ ተጠቅልላ፣ ከሸዋ ሮቢት ተነሥታ፣
የጣርማ በርን ጉም አልፋ ደረሰች ሳትነቃ።

ሚስቴ ዘነበወርቅ «አይበላ፣ አይጠጣ፣
ለበግ አይሆን ነገር፣ ገበያ አይወጣ!»
ትላለች። ትበል እንጂ፣ ሌሊት ስትነሣ
በፋብሪካ እራፊ ትሸፍናለች ጣሳ።

ውኃ ከላይ አይፈስም፤ ቅጠሏ ፀጉራም ነው፣
የቀዝቃዛ ጠብታ ትርፉ ጠባሳ ነው።
ለብ ያለ፣ ከሥሯ፣ በሳሕን፣ በዝግታ፤
ስትጠግብ መተው ነው፤ ይገድላታል ይሉኝታ።

ሰኔ ላይ ነው ነገሩ። ለይዞታ ካርታ
መሬት አስተዳደር፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣
«ነገ ይምጡ» የሚሉት ቃል እንደ ጸሎት ሲደገም፣
ዐይኔ ከወይዘሪት ምንታምር መስኮት ሄዶ አልተመለሰም።
ነጭ ናት፤ ጠርዟ ላይ አረንጓዴ ክር፣
አበባዋ ድርብ፣ ልክ እንደ ምሥጢር።
ሃያ ስምንት ዓመት ክር ሲያይ የኖረ ዐይኔ
እንዲህ ያለ ጠርዝ አላየም፤ «ይህቺማ ለእኔ!»

ከአርባ ሁለቱ ውስጥ የለችም።
የለችም!

ልለምን? አፈርሁኝ። የጡረታ ሰው፣ ሽበታም፣
በወረፋ መሀል «ቅጠል ስጪኝ» አይልም።
ስትወጣ ምንታምር ማኅተም ፍለጋ፣
ጣቴ ሳላዘው መስኮቷን ተጠጋ።
ቀጭ!
አንዲት ቅጠል። በመሐረብ። በደረት ኪስ።
ዘበኛው በሩ ላይ «ጉዳይዎ አለቀ?» አለኝ፤
«ገና ተጀመረ» አልሁት።

በመድኃኒት ብልቃጥ፣ በሃያ ሰባት ቀን
ሥር አወጣች፤ ነጭ፣ እንደ ጥጥ ፈትል ቀጭን።
ዘነበወርቅ «የማን ናት?» ስትል «የመንግሥት» አልኋት፣
ደብተሩ ላይ ግን ስም አጣሁላት።
የሰጠኝ የለማ! ባዶ መሥመር ትቼ
«አርባ ሦስት» አልሁ ብቻ፣ በእርሳስ፣ ፈርቼ።
እሷ ሦስት ጫጩት ስታወጣ፣ ጫጩቶቿም ቅጠል፣
እኔ «ነገ ይምጡ» ነኝ፤ አልተገኘም ፋይል።

ጥር መጣ። ለጥምቀት ቢሮው ተዘጋ፤
መስኮቱን ማን ይርሳው፣ ገርበብ እንዳለ ነጋ።
በዓሉ አልፎ ስሄድ፣ እናቲቱ ጠቁራለች፣
እንደ ተቀቀለ ጎመን ማሰሮዋ ላይ ተደፍታለች።
ምንታምር ማኅተሙን ትመታለች፣ ትመታለች፣
ቀና አትልም።
ያ ሁሉ ባለጉዳይ ፊቷ ቆሞ
ስለ አበባ ማልቀስ ነውር ሆኖባት ይሆናል።

ሚያዝያ ላይ፣ እኔ ቤት፣ ፈነዳች።
ነጭ። አረንጓዴ ክር።

ከጫጩቶቹ አንዷን፣ እንደ ታመመ ልጅ፣
በጋቢዬ ሥር አቅፌ፣ ሲንቀጠቀጥ ይህ እጅ፣
ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኋት።
«ሰኔ ላይ...» ብዬ ስጀምር፣ ሳቀች፦
«ጋሽ ሸዋቀና፣ ቅጠሎቿን በየጠዋቱ እቆጥር ነበር እኮ፤
አሥራ ሰባት ነበሩ።
ያን ዕለት ማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።
ሳይጠይቁኝ ምን ብዬ ልስጥዎት?»

ማታ ደብተሬን ገልጬ ባዶው መሥመር ላይ ጻፍሁ፤
«የምንታምር»። የእርሳሱን ቁጥር በብዕር ደገምሁ።

ካርታው?
«ነገ ይምጡ» ብላኛለች።
እሄዳለሁ። ጣሳዋ ውኃ ጠግባ እንደሆነ
ማየትም አለብኝ።