ጾመኛው ጠርሙስ

ሐሚልተን፣ የካቲት። የቤተ ሙከራው መስኮት በውርጭ ታውሯል፤
ከማዶ፣ ወደቡ ላይ፣ በረዶው ለከተማው ጀርባውን ሰጥቶ አድሯል።
ኔስቶር ከፍሳሽ ማጣሪያው በባልዲ ያመጣው ዝቃጭ
ገና ትኩስ ነው፤ አረፋ ያወጣል፤ ሽታው አፍንጫ ቆንጣጭ።
«ልጆችሽን አመጣሁ» ይላል፤ ሁልጊዜ ይኸው ነው ቀልዱ፤
አልተሳሳተም፤ በአንዲት ጠብታ ስንት ሺህ ናቸው የሚወለዱ።

ሥራዬ ሲፈታ ይህ ነው፦ ለማይታይ አፍ ገበታ መዘርጋት፣
የቀረበላቸውን በልተው እንደሁ በትንፋሻቸው ማጣራት።
የበላ ይተነፍሳል፤ ከጠርሙሱ ኦክስጅን ይጎድላል፤
ያልበላ ዝም ይላል፤ መርፌው ባለበት ይውላል።
ሃያ ስምንት ቀን፣ በጨለማ፣ በሃያ ሁለት ዲግሪ ሙቀት፤
ከመቶ ስድሳውን ከጨረሱ፣ «ይበሰብሳል» የሚል ወረቀት።

አንደኛው ጠርሙስ ባዶ ማዕድ ነው፤ ውሃና ዝቃጭ ብቻ።
በሁለተኛው የታወቀ ጨው አለ፤ ያንን ይሻሙታል በዘመቻ።
ከሦስት እስከ አምስት የደንበኛው ቅመም ነው፤ ቀለምን ከውሃ የሚያስታርቅ፣
ሰማያዊው ቅንጣት እንዳይጓጉል፣ ጣሳው ታች ወርዶ እንዳይደርቅ፤
የግድግዳ ቀለም ሽማግሌ በሉት።
ስድስተኛው ሁለቱንም ይዟል፤ ጨዉንም፣ ሽማግሌውንም።
(ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ አሁን አልቸኩልም።)

ዘጠነኛው ቀን።
ውሃው ጠራ።
አራተኛውን ጠርሙስ ወደ መብራቱ አነሳሁት፤
በወዲያኛው በኩል የገዛ ጣቴን አሻራ አየሁት።

ሚስተር ግሬይደን ከኩባንያው ደወለ፤ ድምፁ ሠርግ ቤት፦
«ጠርቷል አሉኝ! ተበላ በሉት እንጂ! በሉት!»
እኛ «በሉት» ብንለውስ፣ እነሱ መች በሉት?
(በሱ ቋንቋ ይህ ጨዋታ አይሠራም፤ ለራሴ ነው ያልኩት።)
መርፌው አራት ላይ ነው። ከመቶ አራት።
እሱም ምናልባት የመሣሪያው ስሕተት።

ጠርሙሱን ቀስ ብዬ አዘነበልኩ። ታች ዝቃጩ ተኝቷል፤
እያንዳንዷ እብቅ የምታህል ጉድፍ ሰማያዊውን ተኩሏል።
አልበሉትም። ለበሱት።

ጾም ገብቶ ነው? ወይስ መርዟቸው ሞተው ይሆን? ፈራሁ፤
ወደ ስድስተኛው ዞርኩ (ያልኳችሁ ይኸን ነው)፤ ቁጥሩን አየሁ።
ጨዉን ጥርግ አድርገው ጨርሰውታል፤
አብሮ የቀረበውን ሽማግሌ ወደ ዳር ገፍተውታል።
ደኅና ናቸው እንግዲህ። መርዝ አይደለም። ምግብም አይደለም።
በሁለቱ መሐል ያለ፣ የማይገድል፣ የማይሞትም።

ቀኑ ሞላ። ሎርና ከመፈረሟ በፊት መነጽሯን ሁለቴ ጠረገች፤
«ስድሳ ቀን ብንጨምርላቸውስ፣ ይለምዱት ይሆን?» አለች።
«እንጨምርላቸው፤ ግን ይህን ዛሬ እንጻፍ» አልኳት፤ ጻፍን፦
ከውሃው ወጥቷል። አልበሰበሰም። ከዝቃጩ ጋር አገኘን።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ የለ? ይህኛው ሌላ ነው፤
እያሳሳቀ ነው የሚያስቀምጠው።

ኔስቶር ባዶ ባልዲውን ሊወስድ መጣ፤ «ልጆቹስ?» አለኝ፤
«ምግብ መረጡ» አልኩት። «እንደ እኔ ልጅ» ብሎ ሳቀብኝ።

መጋቢት ነው። አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ወደቡ ላይ በረዶው ተሰነጣጥቋል፤
አንድ ልጅ ያባቱን እጅ ይጎትታል፦ «እይ፣ ድንጋዩ ይታያል! ጠርቷል!»
አባትየው ስልኩን እያየ «አዎ» አለው።
እኔ ልናገር ነበር። ምን ብዬ?
ከአውራ ጣቴ ጥፍር ሥር ሰማያዊ አለ፤ ሦስቴ ታጥቤ አልለቀቀም።
ጓንቴን አጠለቅሁ። አሁን አይታይም።